ፓወር ባንኩ በእጅ፣ ማሩ በሚጫነው ሻንጣ

ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ዘመድ ሲሸኝ ሁሌ የሚያከራክረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ በእጅ ይያዝ ወይስ ይጫን?

ፓወር ባንክ ላይ ክርክር የለም፤ በእጅ ነው። ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ሊግል፣ ሊጨስ፣ ሊቀጣጠል ይችላል። መንገደኞች ክፍል ውስጥ ከሆነ አስተናጋጆቹ ቶሎ ይደርሱበታል። ታች ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል? ጀርባውን ገልብጣችሁ አቅሙን እዩት። እስከ 100 ዋት ሰዓት (Wh) ይፈቀዳል። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከ100 እስከ 160 ከሆነ አየር መንገዱን አስፈቅዱ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትክተቱት፤ የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ሸፍኑ።

ማር ተቃራኒው ነው። ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር፣ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፍም። እናት የላከችው ማር ሲጣል ማየት አንጀት ይበላል። ክዳኑን በስኮች አጥብቁት፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፣ ጋቢ መሃል ቅበሩት። ቢላም እዚያው የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

አውሮፕላኑ መሳፈሪያ በር ላይ የእጅ ሻንጣችሁ ታች ይጫን ከተባለ ግን መጀመሪያ ፓወር ባንኩን አውጡ።