ኢንሞሽን ቪ8ኤፍ ዩኒሳይክል፦ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚጀምር ሰው

የኤሌክትሪክ ዩኒሳይክል (ግራና ቀኝ ባሉት ፔዳሎች ላይ ቆመው የሚነዱት ባለ አንድ ጎማ ተሽከርካሪ) የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱንና በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት ነው። ዕድሜው ሃምሳን ላለፈ ጀማሪ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ክብደቱ ነው። በመማሪያው ሰሞን ዩኒሳይክሉ በየቀኑ ደጋግሞ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ደግሞ ተማሪው ራሱ ነው። ኢንሞሽን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ቪ8ኤፍ ወደ 14.5 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ደረጃ መውጣት ይቻላል፤ ሲደክምዎ እጀታውን መዝዘው እንደ ሻንጣ ይጎትቱታል። የዚያው ኩባንያ ቪ11 መንገድ የሚያለሰልስ ሞላ አለው፣ ክብደቱ ግን 27 ኪሎ ነው፤ የሌላ ኩባንያ ዩኒሳይክል የሆነው ቬተራን ሸርማን ደግሞ 35 ኪሎ ይደርሳል። ሁለቱም ግሩም ናቸው፣ ግን መንዳት ለለመደ ሰው።

የቪ8ኤፍ ጎማ 16 ኢንች፣ ሞተሩ 1000 ዋት፣ ባትሪው 518 ዋት ሰዓት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ 120 ኪሎ ሰው ይሸከማል። ርቀቱን በማስታወቂያው አይገምቱት። 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው በሜዳ መንገድ በልኩ ሲነዳ በኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሒሳቡ 34 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ባትሪውን እስከ ዜሮ ማውረድ ስለማይገባ 25 ኪሎ ሜትር ብለው ቢይዙት ይሻላል።

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዩኒሳይክሉ ሚዛን የሚጠብቅልዎ በፊትና በኋላ ብቻ ነው። ወደፊት ዘንበል ሲሉ ውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ ያንን ይለካና ሞተሩ ጎማውን ከሥርዎ ወደፊት ያስኬደዋል፤ ወደኋላ ሲሉ ያቆመዋል። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ግን የሚይዝዎ ነገር የለም፤ ያ የእርስዎ ሥራ ነው፣ እንደ ብስክሌት። ቆሞ ለመመጣጠን መታገል ከንቱ ድካም የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሰዓት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዩኒሳይክሉ ራሱ ይረጋል። ጀማሪ ሲፈራ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ሚዛኑ ይከብደዋል።

ዝግጅቱ ላይ አይቸኩሉ። የዩኒሳይክሉን ጎንና ጎን የስፖርት ምንጣፍ ቆርጠው በፕላስተር ይለብጡት፤ የፔዳሎቹን ጠርዝም ጨምረው፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ ግን ሳይሸፍኑ። ልባሱ ቅልጥምዎንም ዩኒሳይክሉንም ያድናል። እጀታው ላይ ወገብ የሚደርስ ማሰሪያ ያስሩና ጫፉን በእጅዎ ይያዙ። ሲወርዱ ዩኒሳይክሉ እንዳይንከባለል ይይዝልዎታል። እጅዎ ላይ ግን አይጠምጥሙት፣ ሲወድቅ አብሮ ይጎትትዎታል።

የጎማው ነፋስ ትምህርቱን ግማሽ ያቀላል ወይም ያከብዳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን 35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ፣ 90 ኪሎ ለሚመዝን 40 ጥሩ መነሻ ነው፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ አይለፉ። ሲላላ መታጠፍ እምቢ ይላል፣ ሲጠጥር ጠጠር ሁሉ ይገፋዋል። የአየር መሙያው ቀዳዳ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ ጎባጣ ማገናኛ አብረው ይግዙ፤ ከሞሉ በኋላ ነቅለው ያስቀምጡት እንጂ እዚያው አይተዉት፣ ቀስ በቀስ ነፋስ ያሾልካል።

በስልክ መተግበሪያው የፍጥነቱን ጣሪያ 20 ላይ ያድርጉት። ብዙዎች ለጥንቃቄ ብለው 10 ላይ ያደርጉታል፤ ያ ስሕተት ነው። ጣሪያው ሲነካ ፔዳሉ ከፊት ተነሥቶ ወደኋላ ይገፋዎታል። 10 ላይ ከሆነ ይህ የሚመጣው ልክ ሚዛን ሲይዙ ነው።

ከመከላከያዎች ሁሉ የማይታለፈው የእጅ አንጓ መከላከያ ነው፣ መዳፍ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው። ሰው ወደፊት ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የሚሰበረውም እዚያ ነው። ፕላስቲኩ መዳፉን አስፋልቱ ላይ ያንሸራትተዋል። ከዚያ ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ የቅልጥም መሸፈኛ። ጫማው ሶሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን። የሩጫ ጫማ ሶሉ ስለሚለሰልስ እግርን ያደክማል።

ትምህርቱ በአንድ እግር ይጀምራል። ጠንካራ እግርዎን ፔዳሉ መሐል ላይ ያድርጉ፣ ጣቶችዎ ትንሽ ወደፊት ወጣ ብለው። የዩኒሳይክሉ ጎን ባትዎን ይንካ። በሌላው እግር መሬቱን እየገፉ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር ይንሸራተቱ። ይህን ብቻ ሦስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይህን የዘለለ ተማሪ ሁለተኛውን እግር ሲያነሣ ሰውነቱ ይደነግጣል። በአንድ እግር ሦስት ሜትር ቀጥ ብለው ከሄዱ ለቀጣዩ ደርሰዋል።

ለሁለት እግር የሽቦ አጥር ወይም የመወጣጫ ብረት አጠገብ ያለ ሜዳ አስፋልት ይምረጡ። ሣር አይመረጥም፤ ለስላሳ ቢመስልም ጎማውን ይይዘውና ያስቸግራል። የመጨረሻውን ግፊት ጠንከር አድርገው፣ ዩኒሳይክሉ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሲሄድ ሁለተኛውን እግር ይስቀሉ። የትም ይረፍ፣ ወዲያው ለማስተካከል አይሞክሩ። ዓይንዎ ከ10 ሜትር ወዲያ ይይ። እግሩን የሚያይ ሰው ወደሚያየው ይወድቃል። የሚረዳ ሰው ካለ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ እርስዎ ይደገፉበት፤ እሱ ከያዘዎት ሚዛኑን የሚማረው እሱ ነው። ወደ አንድ ወገን ሲወድቁ ወደዚያው ወገን ይታጠፉ፣ ጎማው ተመልሶ ከሥርዎ ይገባል። ለመቆም ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ወደኋላ ያድርጉ፤ ከወገብ መጎንበስ አያቆምም።

በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ከአንድ የሦስት ሰዓት ልምምድ ይበልጣል። ከደከመ በኋላ የሚመጣው ውድቀት ነው፤ ትናንት እምቢ ያለው ደግሞ ከእንቅልፍ በኋላ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ከ10 ደቂቃ በኋላ የውስጥ እግር ቢቃጠል ወይም ቢደነዝዝ አይደንግጡ፤ ጣቶችዎ ፔዳሉን ስለሚቆነጥጡ ነው። ወርደው ይራመዱ፤ በሳምንታት ውስጥ ይቀራል። ዩኒሳይክሉ ግራ ቀኝ ከተንቀጠቀጠ ምክንያቱ የደረቀ ሰውነትና እኩል የተከፋፈለ ክብደት ነው። ጉልበትዎን ያላሉ፣ ክብደትዎን ወደ አንድ እግር ያዘንብሉ፣ ፍጥነት ይቀንሱ። ሳያጠፉ ሲያነሡት ደግሞ ከእጀታው ሥር ያለውን ቁልፍ ይጫኑ፣ አለዚያ ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል።

አጥንታቸው የሳሳ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ራስ የሚያዞራቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ባይጀምር እንመርጣለን፤ ሚዛኑ ሁሉ የሚነበበው በእግር መዳፍ ነው።

የቪ8ኤፍ ትልቁ ድክመት የሁሉም ዩኒሳይክል ድክመት ነው፦ ሞተሩ አቅም ሲያጥረው ከሥርዎ ይጠፋል፣ እርስዎ ግን መሄድዎን ይቀጥላሉ። ባትሪ ሲወርድ ቮልቴጁ ስለሚቀንስ የሞተሩ ትርፍ አቅም አብሮ ይቀንሳል። በ30 ከመቶ ባትሪ፣ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የሚገፋ ከባድ ሰው አደጋ እየለመነ ነው። ምክራችን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትርን ላለማለፍ፣ ከ30 ከመቶ በታች ደግሞ በዝግታ ወደ ቤት ለመመለስ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ቁልቁል ሲነዳ ፍሬኑ ባትሪውን ስለሚሞላ መቶ ከመቶ በሞላ ባትሪ ረጅም ቁልቁለት አይጀምሩ። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ወዲያው ፍጥነት ቀንሰው ይውረዱ።

ያገለገለ ለሚገዛ፦ የተነዳውን ኪሎ ሜትር በመተግበሪያው ይዩ፣ ጎማውን አንሥተው በእጅ እያዞሩ የሚፈጭ ድምፅ ያዳምጡ፣ ውኃ የገባበትን አይንኩ።

ሕጉም እንደ አገሩ ነው። ፈረንሳይ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ትፈቅዳለች። በጀርመን የ2019ኙ ደንብ የሚፈቅደው የመሪ ወይም የመያዣ ዘንግ ያላቸውን ብቻ ስለሆነ ዩኒሳይክል በሕዝብ መንገድ ክልክል ነው፤ እንግሊዝም ከግል ግቢ ውጭ አትፈቅድም። አሜሪካ ውስጥ በየግዛቱና በየከተማው ይለያያል።

ወደ አገር ቤት በሻንጣ ለመውሰድ ያሰበ ሰው ይህን ይወቅ፦ የአውሮፕላን መንገደኛ በአየር መንገዱ ፈቃድ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ የሊቲየም ባትሪ 160 ዋት ሰዓት ነው። የቪ8ኤፍ ከዚያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ያለው መንገድ በአደገኛ ዕቃነት በጭነት መላክ ነው። ሞላ ስለሌለውም የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ላይ ጉልበት ይመታል። እዚያ የሚማር ሰው አስፋልት ወይም ሲሚንቶ የሆነ ግቢ ይፈልግ፤ ኮብልስቶኑ ላይ የሚወጣው ቢያንስ አንድ ወር ከነዳ በኋላ፣ ነፋሱን ሦስት አራት ፒኤስአይ ቀንሶ ነው።