ሁለት ክረምት የከረመ የቲክ ጠረጴዛና ስድስት ወንበር፤ ከጣና ዳር በረንዳ

የገዛሁት ለፋሲካ እንዲደርስልኝ ነበር። መጋቢት ላይ ቲክ ከሚባል እንጨት የተሠራ አንድ ጠረጴዛና ስድስት ወንበር ከአዲስ አበባ ተጭኖ ባሕር ዳር ገባ። አሁን ኅዳር ነው፤ 20 ወር ሞላው፣ በመሐሉም ሁለት ክረምት አለፈ። ግቢያችን ከሐይቁ ብዙም ስለማይርቅ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ዝናቡን አግድም እየነዳ በረንዳው ውስጥ ይከተዋል። ጣራ አለው፤ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የፊተኛው ግማሽ ደርቆ አያውቅም። በጋ ሲገባ ደግሞ ያው ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ እንጨት ላይ እንዴት እንደሚበረታ እዚህ የኖረ ያውቀዋል።

ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበረን። በአራተኛው ዓመት ተጣመመ፣ ቫርኒሹ ተላጠ፣ እግሩ በሰበሰ። ዋንዛን መውቀሴ አይደለም፤ እናቴ ቤት ያለው የዋንዛ ቁም ሣጥን በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እስከ ዛሬ በሩ እንኳን አልዘመመም። እሱ ግን ዝናብ አይቶ አያውቅም። ደግሞም ዋንዛ እንደ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ የነበረ ዛፍ ነው። በየአራት ዓመቱ ዋንዛ እያስቆረጥኩ ዝናብ ላይ ማበስበሱ ከበደኝ። ለቲኩ ከዋንዛው ዋጋ ሦስት እጥፍ ከፈልኩ።

ቲክ የሕንድ፣ የበርማ፣ የታይላንድና የላኦስ ዛፍ ነው። ለብዙ ዘመን የመርከብ ወለል ሲሠራበት የኖረው በውስጡ የራሱ ዘይት ስላለው ነው። በርማ ግንዱ ሳይሰነጠቅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። ዛሬ ለቤት ዕቃ የሚውለው አብዛኛው ቲክ ሰው ተክሎ ያሳደገው ነው፤ የእኔም ሻጭ «ከጃቫ (ከኢንዶኔዥያ ደሴት) የመጣ ነው» ብሎኛል። የተተከለ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለውም። ችግሩ ዛፉ ገና ወጣት ሳለ ከተቆረጠ ነው፤ ያኔ ነጣ ያለው ደካማው የግንዱ ዳር ብዙ፣ ጠንካራው ቡናማ መሐሉ ጥቂት ይሆናል። ይህን ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው የተማርኩት።

ሱቁ ውስጥ የሠራሁት አንድ ጥሩ ነገር ማግኔት ይዤ መሄዴ ነው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነበረኝ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካሁበት። የማይዝገው ብረትም ነሐሱም አልሳበውም። በአንዱ ወንበር ላይ ብቻ ሁለቱ ብሎኖች ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ ተራ ብረት ናቸው ማለት ነው። ቀይሩልኝ ብዬ ተከራክሬ ሳይቀየሩ መጡ፤ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ከሁለቱም ሥር እንደ ቀለም የሚወርድ ጥቁር መስመር ወጣ። እርጥብ ቲክና ተራ ብረት ሲነካኩ የሚሆነው ይኸው ነው። ብሎኖቹን እዚሁ አስቀየርኳቸው፤ ጥቁረቱ ግን ዛሬም አለ።

ዘይቱን በተመለከተ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ «ክረምቱን ይቋቋም» ብዬ ሁለቱን ወንበሮች የተልባ ዘይት ቀባኋቸው። ለሳምንት ያህል የማር መልክ ነበራቸው። ሐምሌ ሲጋመስ ክንድ የሚያርፍበት ላይ የበርበሬ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ፈሉ። ሻጋታው ዘይቱን እየተመገበ ነበር። ያልተቀቡት አራቱ ምንም አልሆኑም። መስከረም ላይ በሣሙና ውኃና በለስላሳ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ አጠብኳቸው፣ ሲደርቁም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀባሁም። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ካላችሁ ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ክፉኛ ያሳዘነኝ ስድስተኛው ወንበር ነው። ሲመጣ የኋላ እግሩ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ነጣ ያለ መስመር ነበረው። ሻጩን ደውዬ ስጠይቀው «ፀሐይ ሲመታው ከሌላው ጋር ይመሳሰላል» አለኝ። እንዳለውም ተመሳሰለ። በስድስት ወር ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት አመድማ መልክ ሲይዙ መስመሩ ጠፋ፣ እኔም ረሳሁት። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በረንዳውን ሳጥብ እግሩ ሥር ቀይ አፈር ተለጥፎ አየሁ። ምስጥ ነበር። አፈሩን ጠርጌ በጥፍሬ ስጫነው ያ የነጣው መስመር እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ከጎኑ ያለው ቡናማው ግን ጥፍሬን አላስገባም አለ።

ጎረቤታችን ያሉት አናጢ መጥተው እግሩን ቆረጡት። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የዛፉ ዳር ነው፤ ዛፉ ውኃ የሚያወጣበት። ምስጥ የሚጠላው መሐሉን ነው» አሉኝና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። ቡናማው ክፍል እንደ ቆዳ ይሸታል፣ ሲዳስሱትም ጣት ላይ ቅባት ይቀራል። ነጩ ምንም ሽታ የለውም። መጋዛቸውንም እያዩ ተማረሩ፤ ቲክ በውስጡ እንደ አሸዋ ያለ ማዕድን ስላለው ስለት ያዶለዱማል። ምትክ የሚሆን ቲክ ስላልተገኘ ከአሮጌ በር በወጣ የዋንዛ እምብርት ሠሩልኝ። እግሮቹን ሁሉ ከአፈር እንዲርቁ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው።

የቀረው ሁሉ ደስ አሰኝቶኛል። የጠረጴዛው ጣውላዎች በመሐላቸው ክፍተት ስላላቸው ውኃ አይቋጥሩም። ክፍተቱ በክረምት ይጠባል እንጂ አይዘጋም። በበጋ ጫፋቸው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትታያለች፤ ዝናብ ሲመጣ ትገጥማለች። መጋጠሚያዎቹ በብሎን ብቻ ሳይሆን አንዱ እንጨት ተቀርጾ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የተያዘ ስለሆነ አንድም የሚወዛወዝ ወንበር የለም። የማር መልኩን ለምትወዱ ግን ልንገራችሁ፤ ያ መልክ ውጭ አይቆይም። እኔ አመድማውን ወድጄዋለሁ፤ ጠዋት ሐይቁ ጭጋግ ሲለብስ ከእሱ ጋር አንድ ይሆናል።

ሻጮች እንጨቱ ምርጥ ነው ለማለት «ኤ ደረጃ» ሲሏችሁ ቃሉ በየትም አገር በአንድ መለኪያ የሚሰጥ እንዳልሆነ እወቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚለጥፈው ሻጩ ራሱ ነው። ወንበሩን ገልብጡት፣ የእግሩን ጫፍና የመቀመጫውን ሥር እዩ። ቀለም ወይም ዘይት ተቀብቶ ከቀረበላችሁ ያልተቀባ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ አዲስ እያለ ነው ነጩ የሚታየው።

ለገና ሁለት አግዳሚ ወንበር ልጨምር ነው። ቲክ ነው የምገዛው፤ ግን ብቻዬን አልመርጥም። አናጢው አብረውኝ አዲስ አበባ ሊወርዱ ተስማምተናል፤ ማግኔቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።