የመቆፈሪያ አንገት ነገር፦ ከ14 ወር በኋላ

በዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረትን በድምፅ በሚጠቁመው መሣሪያ ማለቴ ነው፣ ሳንቲም ስፈልግ የምቆፍርባት የመጀመሪያዋ የእጅ መቆፈሪያዬ ሦስት ወር አልሞላትም። ድንጋይ ልፈነቅል ስል ቀጭ አለችና እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ ስለቱ ጉድጓድ ውስጥ። ዲቴክተሩን እንደዚያ ያስጮኸው ደግሞ የዛገ ቆርኪ ሆኖ ተገኘ። ስብራቱን አገላብጬ ሳየው ነገሩ ገባኝ፤ ስለቱና እጀታው ለየብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ያያያዛቸውም ጥፍር የምታህል ብየዳ ብቻ ነች፣ በላዩ ላይ ቀለም ስለተቀባ አይታይም።

አሁን የምይዛት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ብረት ናት፣ እጀታዋ ላይ ጎማ ለብሳለች። 14 ወር ሆነን፣ በየሳምንቱ እንወጣለን። የስለቷ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ጎን ስል፣ ሌላው እንደ መጋዝ ባለጥርስ። አጭር ናት እንዳትሉ፣ እስካሁን ካወጣኋቸው ሳንቲሞች አብዛኞቹ የተገኙት ከ15 ሴንቲ ባልበለጠ ጥልቀት ነው። ሣር ላይ ስሆን ሦስቱን ጎን እቆርጥና አራተኛውን እተወዋለሁ፤ አፈሩ እንደ ክዳን ይገለበጣል፣ ስጨርስ መልሼ እረግጠዋለሁ፣ ሣሩም አይደርቅም።

ጥርሶቹ የዛፍ ስር ሲቆርጡ ደስ ይላሉ። ስድስተኛው ወር ላይ ግን ደነዙ። ቸኩዬ ግራይንደር አስነካኋቸው፣ ሁለቱ ጥርሶች ሰማያዊ ሆኑ። ብረቱ ከመጠን በላይ ስለጋለ ለስልሷል ማለት ነው፤ እነዚያ ሁለቱ እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ቀድመው ይደንዛሉ። አሁን በእጅ ሞረድ ብቻ ነው የምስላት፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ትልቁ ችግሯ ዝገት ነው። አንዴ እርጥብ እንደሆነች አፎቷ ውስጥ ከትቼ ሁለት ሳምንት ረሳኋት፣ ሳወጣት ቀልታለች። የቆዳ አፎት እርጥበት ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ እጠርጋትና ትንሽ ዘይት እቀባታለሁ፣ ካልደከመኝ።

ጓደኛዬ በዚያው ሰሞን ከስቴንለስ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ መቆፈሪያ ገዛ። ዝገት አያውቅም፣ ግን ጠጠራማ መሬት ላይ ጫፉ እንደ ማንኪያ ታጠፈበት። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ስቴንለስ፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት ማለቴ ነው፣ እንደ ካርቦን ብረት በእሳት አይጠነክርም። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ግን እሱ ይሻለኛል፣ የኔዋን ጨው ይበላታል። ደግሞ «ማግኔት አይስበውምና ዲቴክተሩ አይሰማውም» ቢሏችሁ አትመኑ። ዲቴክተር የሚሰማው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሁሉ ነው፣ ወርቅና መዳብም እኮ ማግኔት አይስባቸውም። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ ሩብ ሰዓት ያህል ቆፈርኩ፤ ለካ ጉድጓዱ አጠገብ ያጋደምኳት የራሴው መቆፈሪያ ነበረች።

ስለዚህ ስትገዙ ጥርሱን ከማድነቃችሁ በፊት አንገቱን እዩ። ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብየዳ ካለ ዙሪያውን ሞልቶ መሄድ አለበት፣ እዚህና እዚያ ነጠብጣብ ከሆነ መልሱት። ቀለም ከሸፈነው በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ እብጠቱ ይታወቃል። በእግር የሚረገጥ ረጅም አካፋ ከሆነማ የበለጠ ነው፤ ክብደታችሁ በሙሉ እዚያች አንገት ላይ ያርፋል። የእንጨት እጀታ ግን አትናቁ፣ ቢሰበር ይቀየራል።

የእጀታዋ ጎማ ዘጠነኛው ወር ላይ እየዞረ አስቸገረኝ፤ ቀድጄ ጣልኩትና የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ ጠቀለልኩበት፣ ከፋብሪካው ይልቅ ይሄ ተመቸኝ። የሚያናድደኝ ቀለሟ ነው። ጥቁር! ሣር ውስጥ ካስቀመጥኳት ለማግኘት ዲቴክተሩን መልሼ ማብራት አለብኝ። ዛሬም ልግዛ ብል ይቺኑ ነው የምገዛው፣ እጀታዋ ቀይ ከሆነ።