ክራር ወይስ ኪቦርድ? ለሙዚቃ መምህርነት ለሚሠለጥን

ሐዋሳ ሆኖ ለሁለተኛ ደረጃ ሙዚቃ መምህርነት የሚዘጋጅ ሰው ዋና መሣሪያው የትኛው ይሁን?

ወጪ፦ ክራር ይረክሳል፤ ክሩ ቢበጠስ በቤት ይቀየራል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ማቆሚያም ይፈልጋል፤ ባትሪ የማይዝ ከሆነ ደግሞ መብራት በጠፋ ቀን ጣውላ ነው።

ቅኝት (ዜማው የሚመሠረትባቸው ድምፆች አደራደር)፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ክራርን ትዝታ ከሚባለው ቅኝት ሜጀር ዓይነት ወደ ማይነሩ ለማዞር ሚ እና ላ የተባሉትን ድምፆች የሚሰጡት ክሮች ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ይረሳል፤ እስኪያስተካክል ክፍሉ በወሬ ይሞላል። ኪቦርድ ላይ የሚቀየረው ጣት ብቻ ነው። ድምፃቸው እየጎረነነ ላሉ ወንዶች ዜማውን በትራንስፖዝ (ሁሉንም ድምፅ እኩል ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ቁልፍ) ማውረድም ይቻላል። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ኪቦርድ ላይ ለዛው ይቀንሳል።

ኖታና ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች) ለሚያስተምር ኪቦርድ፤ ቅኝትን በጆሮ ለሚያስለምድ ወይም መብራት የሌለበት ገጠር ለሚመደብ ክራር።