ሩት የተደረገ ስልክ፦ ዳታ ሳይነካ ማዘመን ወይስ ሁሉን አጥፍቶ መጫን?

ሩት የተደረገ ስልክ ማለት ባለቤቱ ሲስተሙን እንዲቀይር ሙሉ ፈቃድ የተከፈተለት ስልክ ነው። ከአፕዴት በኋላ ባትሪው ቶሎ ካለቀባችሁ ግን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ራሱ ባትሪ ይበላል፤ ሊቲየም ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይቀንሳል። አፕዴቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ስልኩን ጋቢ ውስጥ ይዛችሁ እዩት።

ዳታ ሳይነካ፦ ቀላል ነው፣ ፎቶም አይጠፋም። ግን ሩት የነካው ቡት ኢሜጅ (ስልኩ ሲበራ የሚነሣበት ፋይል) ወደ ነበረበት ካልተመለሰ አፕዴቱ አልጫንም ሊል ይችላል፤ መጀመሪያ በማጂስክ (ሩት ለማድረግ በሚያገለግለው አፕ) መልሱት። ትልቁ ጣጣ የድሮ ሞጁሎች (በማጂስክ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪዎች) ናቸው። የእኔ ስልክ ማታ 80 ፐርሰንት ትቼው ጠዋት 31 ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ ሳጠፋ አንዱ ስልኩን ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ ሲያደርገው ነበር።

አጥፍቶ መጫን፦ ንጹሕ ነው፤ ግን ባክአፕ፣ ኮምፒውተርና ግማሽ ቀን ይፈልጋል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ስልኩ ላይነሳ ይችላልና ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ብቻ ሥሩት።

ለወርኃዊ የደኅንነት አፕዴት የመጀመሪያው ይበቃል። ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 ለሚሻገር፣ ወይም ሞጁል አጥፍቶም ባትሪው ላልተሻሻለለት ሁለተኛው ይሻላል።