ድጎማ ሲቀነስ፦ ለሁሉም ማሳነስ ወይስ በገቢ መለየት?

ወጪ ለመቀነስ ሁለቱ የተለመዱ መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ ክፍያውን ባለበት ማቆም (ዋጋ ቢንርም አለመጨመር) ወይም በገቢ ለይቶ ለችግረኛ ብቻ መስጠት።

ወጪ፦ ባለበት ማቆም አዲስ ቢሮ አይፈልግም፤ የዋጋ ንረቱ ራሱ ክፍያውን ይሸረሽረዋል። ብሪታንያ ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ይህንኑ ነው። መለየት ግን ቅጽ፣ አጣሪና ይግባኝ ሰሚ ይጠይቃል።

አደጋ፦ ማቆም ሌላ ገቢ የሌለውን ክፉኛ ይጎዳል። በመለየት ደግሞ የሚገባው ሰው ሳያመለክት ይቀራል። ብሪታንያ በ2024 የጡረተኞችን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ስትገድብ ከገቢ መስመሩ በጥቂት ፓውንድ ያለፉት ሁሉንም አጡ፤ በ2025 የዓመት ገቢ ጣሪያው ወደ 35,000 ፓውንድ ከፍ አለ። ገቢ ባደገ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንስ ክፍያ ይህን ገደል ያስቀራል።

የገቢ መዝገቡ የተሟላ ከሆነ መለየት ይሻላል። መዝገብ በሌለበት ማቆም ይቀላል፤ ያውም ማብቂያ ቀኑ በሕግ ከተጻፈ ብቻ።