ሩፈስን ለምን ከእጄ እንደማልለየው
ሩፈስ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና የምንጭንበትን ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዊንዶውስ የምጭንበት ፍላሽ ላዘጋጅ በሌላ ፕሮግራም ስሠራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ሳልነቅል ቀረሁ። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ቸኩዬ ሃርድ ዲስኩን መረጥኩ፤ ፕሮግራሙም ያለበትን ሁሉ ደመሰሰው። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ያነሳኋት ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። ግማሹን እንኳ ማስመለስ አልቻልኩም። አሁንም ሳስበው ሆዴን ያመኛል።

ሩፈስን የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስትከፍቱት ፍላሹን ብቻ ያሳያችኋል እንጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። የግድ ከፈለጋችሁት ተጨማሪ ምርጫዎቹን ከፍታችሁ ራሳችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ። የፍላሹን ስምና መጠን አጠገብ ለአጠገብ ይጽፋል። ስታርት ስትሉትም ያለው ዳታ ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ዛሬም ሌላውን ሁሉ ነቅዬ ነው የምሠራው።

ነፃ ነው፣ 2 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም። ፍላሹን መምረጥ፣ የአይኤስኦ ፋይሉን (መጫኛው በሙሉ ተጠቅልሎ ያለበትን አንድ ፋይል) ማሳየት፣ ስታርት ማለት፤ አለቀ።

ልብ የሚፈልገው አንድ ቦታ አለ፤ ጂፒቲ ወይስ ኤምቢአር የሚለው፤ ሁለቱም ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ስልቶች ናቸው። ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው አዲሱ ፕሮግራም) ላለው አዲስ ኮምፒውተር ጂፒቲ፣ የድሮው ባዮስ ብቻ ላለው አሮጌ ማሽን ኤምቢአር። አንድ ጓደኛዬ «ፍላሹ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ቡት አያደርግም» ብሎ ደወለልኝ። ፍላሹ ምንም አልሆነም። ማሽኑ የቆየ ነው፣ እሱ ደግሞ ጂፒቲ መርጧል። በኤምቢአር ደግመን ሠራነው፣ ወዲያው ተነሳ።

«ፋይሎቹን ለምን ዝም ብዬ ኮፒ አላደርጋቸውም?» የሚሉኝ አሉ። አብዛኛው ዩኢኤፍአይ በቀጥታ የሚያነበው ፋት32 የተባለውን ፎርማት ነው። ፋት32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። የዊንዶውስ መጫኛ ውስጥ ያለው ዋናው ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሩፈስ ፍላሹን ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያደርግና ኮምፒውተሩ እሱን ማንበብ እንዲችል ትንሽ ክፍልፋይ ጨምሮ ያበጃል። ይህን በእጅ ልሥራ ማለት ቀን ይበላል።

ሊኑክስ ስትጽፉበት አንዳንዴ «በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ?» ብሎ ይጠይቃል። በአይኤስኦ ፋይሎቹን አውጥቶ ፍላሹ ላይ ይገለብጣል፤ በዲዲ ምስሉን እንዳለ ይጽፋል። መጀመሪያ አይኤስኦውን ሞክሩ፣ እምቢ ካለ ወደ ዲዲ ሂዱ። በዲዲ የተጻፈ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ «ፎርማት ላድርገው?» ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ እሺም አትበሉት። ሥራችሁን ስትጨርሱ በሩፈስ መልሳችሁ ፎርማት ብታደርጉት ሙሉ መጠኑ ይመለሳል።

የሚጎድለው ዊንዶውስ ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ የምትጠቀሙ ባሌና ኤቸር የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ያዙ፤ ጽፎ ሲጨርስ በትክክል መጻፉን ራሱ ያረጋግጣል። ብዙ አይኤስኦ አንድ ፍላሽ ላይ ለምትፈልጉ ደግሞ ቬንቶይ የተባለ ፕሮግራም አለ። እኔ ለአንድ ማሽን አንድ ፍላሽ ሳዘጋጅ ግን እጄ የሚሄደው ወደ ሩፈስ ነው።